«ተበይዷል ጋሼ!» እና ሌሎች ስህተቶች

በቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ ደሴ ከተመለስሁ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ለልጆች የማውቀውን አሳያለሁ። ከሚመጡት ገሚሶቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ገሚሶቹ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞች። እውነቱን ለመናገር ቶሎ የሚገባቸው ጠጋኞቹ ናቸው።

ሥራችን ሙዮን መቁጠር ነው። ከሕዋ የሚመጡ ቅንጣቶች ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ በመጨረሻ ሙዮን የሚባል ከአቶም ያነሰ ቅንጣት ይወለዳል። ዕድሜው በአማካይ 2.2 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ነው። በዚህች ዕድሜ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ 660 ሜትር ያህል ተጉዞ ማለቅ ነበረበት። አሁን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን አስቡና ልዩነቱን አስሉት። ጊዜ ለሚሮጥም ለቆመም እኩል ቢያልፍ ኖሮ፣ በደሴ ከፍታ ካለፉት ሙዮኖች ኮምቦልቻ የሚደርሱት ከመቶ 37 ያህሉ ብቻ በሆኑ ነበር። ለሚሮጥ ሰዓት ይዘገያል የሚለው የአንስታይን ነገር እውነት ከሆነ ግን ከዚያ እጅግ የበዙት ይደርሳሉ። የሃረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይህን በገዛ እጅ በሠሩት ሳጥን መመስከር ማንን አያጓጓም?

ሳጥኑ ግን እስካሁን አልወረደም። ለምን እንዳልወረደ ልንገራችሁ።

«ተበይዷል ጋሼ፣ በዓይኔ አይቻለሁ»

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ስሰማ የያዝሁትን ሻይ አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ልጁን መቆጣት ስላልፈለግሁ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው። ነገር ግን ብየዳ በዓይን ብቻ አይታመንም። ከላይ የሚያብረቀርቅ ሊድ (ቀልጦ የሚያያይዘው የብየዳ ብረት) ከሥር ሽቦውን ሳይዝ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞታል፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው በክርኑ ሲደገፍ እንደገና ይነሣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ታሪክ ደጋግሜ ስለምናገር ልጆቹ ሳይሰለቹኝ አልቀሩም። ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዶሮ ስናሳድድ፣ ጄኔቭ አጠገብ የሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን በ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት የመጀመሪያውን የፕሮቶን ጨረር አዞረ። ዓለም አጨበጨበ። በዘጠነኛው ቀን፣ መስከረም 9፣ በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለች አንዲት መጋጠሚያ ከዳች። መሐንዲሶቹ በኋላ እንደገመቱት የመጋጠሚያዋ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 200 ናኖኦም ገደማ ነበር። ናኖኦም የኦም አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ በእናንተ ቴስተር ላይ ዜሮ ብሎ ያልፋችኋል። በመጋጠሚያዋ ውስጥ ግን 8,700 አምፔር ያህል እያለፈ ነበር። ፍሰቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያም በተቃውሞው፤ 15 ዋት ገደማ ይመጣል።

የእኔ መበየጃ 40 ዋት ነው።

ከመበየጃዬ ኃይል ግማሽ የማይሞላ ሙቀት ነው እንግዲህ ያን ማሽን የጣለው። ማግኔቶቹ ከፍጹም ዜሮ 1.9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ስለሚሠሩ ለእነሱ 15 ዋት እሳት ነው። መጋጠሚያዋ ሞቀች፣ ፍሰቱ መንገድ ሲያጣ ክፍተቱን በብልጭታ ዘለለ፣ ብልጭታው የሂሊየሙን ማጠራቀሚያ በሳው፣ 6 ቶን ያህል ሂሊየም አፈትልኮ ወጣ። 53 ማግኔቶች ከዋሻው ወጥተው መጠገን ወይም መተካት ነበረባቸው። ጨረሩ እንደገና የዞረው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ዓይነት መጋጠሚያ በቀለበቱ ላይ ከ10,000 በላይ አለ፤ የከዳችው አንዲቱ ብቻ ናት።

ስለዚህ ሊዱን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጣችሁ እንደ ሻማ ቦርዱ ላይ አታንጠባጥቡብኝ። እናቶቻችን ምጣዱ ሳይግል ሊጥ አያፈሱም። መጀመሪያ የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ አንድ ላይ አሙቁ፤ ሊዱ በእነሱ ሙቀት ይቅለጥ። እስኪረጋ እጃችሁን አታነቃንቁ፣ እፍም አትበሉበት። ከዚያ በቶንግ ያዙና ሳቡት። ከሳባችሁት በኋላ «ተበይዷል» በሉኝ፤ እሰማችኋለሁ።

እኔ ከዚህ ነፃ ነኝ ማለቴ አይደለም። ገና ጀማሪ ሳለሁ በአንድ መመልከቻ መሣሪያ ላይ 17ኛው መስመር ማለዳ ማለዳ ዝም ይል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋር ስለ ጋዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጨረሩ ተከራከርሁ። ጥፋቱ እኔው ራሴ የበየድኋት አንዲት እግር ነበረች። ሌሊት ስትቀዘቅዝ ተሰብስባ ትላቀቃለች፣ ረፋድ ላይ ሞቃ ትገናኛለች።

«ገመዱ ገብቷል እኮ»

መግባትና መቆለፍ ይለያያሉ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ኦፔራ የተባለው የምርምር ቡድን ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ውስጥ የደረሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ቀድመው ተገኙ ሲል አስታወቀ። ጋዜጣው ሁሉ ከብርሃን የሚቀድም የለም ያለውን አንስታይንን ሊቀብር ተነሣ። ወራት ካለፉ በኋላ ዋናው ጥፋት ተገኘ፤ የሰዓቱን ምልክት የሚያመጣው የብርሃን ገመድ ማገናኛው ላይ በደንብ አልጠበቀም ነበር። ልጆቼ፣ ያ ቡድን ዝነኛ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ነው። እናንተ ማገናኛውን ግማሽ ዙር አዙራችሁ «ቀጭ» ሳይል ትተዉታላችሁ።

በሁለቱም ጫፍ ስሙ ያልተጻፈበት ገመድ ደግሞ ክፍሌ አይገባም። አበቃ።

የገደል ማሚቶን መርሳት

ይህኛውን ስሕተት ብወቅሰውም እወደዋለሁ፤ ስላሳቀኝ። ሳጥናችን ውስጥ ሙዮን ሲያልፍባቸው ደካማ ብርሃን የሚሰጡ ሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አሉ፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምት የሚቀይሩት ፎቶመልቲፕላየር የሚባሉት ቱቦዎች ናቸው። ሁለቱ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ ከመቱ አንድ ሙዮን ብለን እንቆጥራለን። አንድ ቀን ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ቁጥሩ ከትናንትናው በእጥፍ ጨምሯል! ከሰማይ ምን እንደወረደ ለማወቅ ስልካቸውን ማገላበጥ ጀምረው ነበር።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ገመድ ለውጣችኋል? ለውጠዋል። ሳጥኑን ከክፍሉ አውጥተው በረንዳ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ባለ 20 ሜትር ገመድ ቀጥለዋል፤ ጫፉ ላይ መኖር ያለበትን የ50 ኦም ሬዚስተር ግን አላደረጉም። በአዝዋ ገደል አፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል። ገመድም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ገመድ ውስጥ ምት አንዱን ሜትር በ5 ናኖሰከንድ ገደማ ይጓዛል፤ ጫፍ ላይ የሚቀበለው ካጣ ተመልሶ ይሄዳል፣ ከመነሻውም ነጥሮ ከ200 ናኖሰከንድ በኋላ ዳግመኛ ይመጣል። ቆጣሪያችን ፈጣን ስለሆነ ማሚቶውንም ሙዮን ብሎ ቆጠረው። 50 ኦሙ ማሚቶውን ውጦ የሚያስቀር ነው። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል።

«መሬት ያው መሬት ነው»

አይደለም፤ የመሣሪያን ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ስለሚያወርደው ሽቦ ነው የማወራው። ሰርን ውስጥ አሁን ካለው ማሽን በፊት በዚያው ዋሻ ሌፕ የሚባል ነበር። የጨረሩ ኃይል ቀን ቀን በጥቂቱ ሲዋዥቅ፣ ሌሊት ሲረጋ ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ጨረቃ የምድሩን ቋጥኝ ስባ የቀለበቱን ዙሪያ በአንድ ሚሊሜትር ያህል እንደምታሰፋና እንደምታጠብ ቀድመው ደርሰውበታል፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ለካ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወደ መሬት የሚያፈስሰው ኤሌክትሪክ በዋሻው ቱቦ በኩል አቋራጭ አግኝቶ ኖሯል።

እኛ ዘንድ ባቡር የለም፤ ጎረቤታችን በር በያጅ ነው። ልጆቹ «ከሰዓት በኋላ ሙዮን ይበዛል» ብለው ግራፍ ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው አመጡልኝ። ግራፉን ሳየው ዓርብ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጸጥ ይላል። ሙዮን ጁምዓ ይሰግዳል እንዴ? ጎረቤታችን ነው ሥራውን አቁሞ መስጊድ የሚሄደው። የእሱ ማሽንና የእኛ ሳጥን አንድ የመሬት ሽቦ ይጋሩ ስለነበር ብልጭታው ሁለቱንም ቱቦዎቻችንን እኩል ያስደነግጣቸው ነበር። የራሳችንን መሬት ቀበርን፣ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ አገናኘን፣ የከሰዓት በኋላው «ግኝት» ጠፋ። በያጁ ወንድማችን ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። «አብሽር፣ አስተማርኸን» አልሁት።

«መብራት ስለጠፋ ነው የከፈትሁት»

የቱቦዎቹ መስመር ከ1,000 ቮልት በላይ ነው። መብራት ቢጠፋም ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ እንደያዙ ይቆያሉ፤ መብራቱም ሳይነግራችሁ ይመለሳል። ከሶኬቱ ሳትነቅሉ፣ ካፓሲተሮቹንም ሳታራግፉ አትክፈቱ። ቮልቴጅ እያለ ጥቁሩን መሸፈኛ ብትገልጡት ደግሞ እናንተ ብትተርፉ እንኳ ቱቦው በቀን ብርሃን ይቃጠላል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

«ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው»

በየትኛው ሰዓት? የአየር ግፊት ሲጨምር መሬት የሚደርሱት ሙዮኖች በጥቂቱ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ግፊቱን ከቁጥሩ ጎን እንመዘግባለን። አንዷ በእኛ ሰዓት ጻፈች፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ጻፈ፣ ስድስት ሰዓት የተዛነፈ የአንድ ወር መዝገብ ታቀፍን። ልቆጣ አፌን ከፍቼ የራሴን አስታወስሁ። ውጭ አገር በሄድሁ በመጀመሪያው ወር የጠዋት ተረኛውን ነገ «2 ሰዓት ላይ ና» ብዬ በመዝገብ ጽፌለታለሁ። ምስኪኑ በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት፣ በበረዶ፣ መጣ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ የእጅ ሰዓቱን ያሳየኛል።

«ገብቶኛል»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ መድኃኒቱም በሱቅ አይሸጥም። እኛ ወሎዎች ሰው ማስቸገር አንወድም። ትልቅ ሰው ሲያስረዳ ራስን መነቅነቅ አክብሮት ነው፤ መልሶ መጠየቅ «አላስረዳኸኝም» ማለት ይመስለናል። ይህ ይሉኝታ በሠርግ ቤት ያምራል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ዕቃ ይሰብራል።

በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ አዲስ ቦርድ ሲወራ የሚመጣው ምት ከዜሮ በላይ ይሁን በታች አልገባኝም ነበር። ስምንት ሰው ተቀምጧል፣ ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ጥቁር፣ እኔ ብቻ አዲስ። ነቀነቅሁ። ከፎቶመልቲፕላየር የሚመጣው ምት አሉታዊ መሆኑን ማንም በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። እኔ ግን 32 ቦርዶችን ለአዎንታዊ ምት ነድፌ፣ አሠርቼ፣ ደርድሬ ጨረስሁ። ሲከፈቱ ሁሉም ዝም አሉ። አለቃዬ አልጮኸም። «ለመጠየቅ አሥር ሰከንድ ይበቃህ ነበር» ብሎ ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ክፍሌ ውስጥ ያልገባውን የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ሻይ ይቀዳለታል።

«ፊዚክስ ስላልተማርሁ አይቀበሉኝም»

ሲሞን ቫን ደር ሜር መሐንዲስ ነበር። ከፊሊፕስ ኩባንያ ወጥቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ሰርን ገባ፣ ለማግኔቶች ኃይል የሚሰጡ መሣሪያዎች ላይ ብዙ ደከመ፣ በ1984 ከካርሎ ሩቢያ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። የተበታተነ ጨረርን የመሰብሰብ ዘዴው ባይኖር ደብልዩና ዜድ የሚባሉት ቅንጣቶች ያኔ ባልተገኙ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሻርፓክ በ1968 የሠራው ባለ ብዙ ሽቦ የቅንጣት መመልከቻስ? ለእያንዳንዱ ሽቦ የራሱን አምፕሊፋየር (የምት ማጉያ) ሰጥቶ ነው የቅንጣቶችን መንገድ ፎቶግራፍ ማንሣትን ያስቀረው፤ በ1992 ኖቤል አገኘበት። ሰርን ውስጥ ዛሬም በቅጥር ከሚሠሩት መካከል መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ከፊዚክስ ተመራማሪዎች እጅግ ይበዛሉ። በማሽኑ ውስጥ በየ25 ናኖሰከንዱ የቅንጣት ጭፍሮች ይተላለፋሉ፤ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ የትኛው ይያዝ፣ የትኛው ይጣል ብሎ በመጀመሪያ የሚወስነው ኤሌክትሮኒክስ ነው።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፦ «ሂግስ የተባለውን ቅንጣት የመሰለ ነገር ላገኝ ነው የምሄደው» የሚል። ወንድሜ፣ የምትሄደው ገመድ ልትጎትት፣ ቦርድ ልትፈትን፣ ሌሊት ስልክ ሲጠራህ ዋሻ ልትወርድ ነው። ይህን የምትወድ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምር። የሰርን መሐንዲሶች ራሳቸው ያገዙት ኪካድ የሚባል የቦርድ መንደፊያ በነፃ ይገኛል። ለበጋ ተማሪዎች ያላቸው ዕድልም አባል ላልሆኑ አገሮች ልጆች ክፍት ነው። ስታመለክት ያነበብኸውን ሳይሆን ሠርተህ ያበላሸኸውንና እንዴት እንዳቃናኸው ጻፍ።

የፊታችን ቅዳሜ ሳጥኑን ወደ ኮምቦልቻ ልናወርደው አስበናል። በሃረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጭኑ ላይ አድርጎ የሚይዘው አንድ ልበ ሙሉ ሰው ያስፈልገናል። ሚኒባሱ ጠዋት በእኛ 1 ሰዓት ተኩል ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዷን መጋጠሚያ በቶንግ ይዤ እኔው ራሴ እስባለሁ፤ አንዲት ብትላቀቅ ሚኒባሱ ባዶውን ይሄዳል።