ጃጓር ሲክሊድን አዲስ አበባ ላይ ማርባት፤ ሴቷን እንዴት እናትርፋት?

ጃጓር ሲክሊድ የእኛው የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። አመላቸው ግን አይገናኝም። ጃጓር ዓሣ በሊታ አዳኝ ነው። አገሩ መካከለኛው አሜሪካ፣ ከሆንዱራስ እስከ ኮስታ ሪካ ያለው ውኃ ሲሆን የእንስሳት ተመራማሪው አልበርት ጉንተር በ1867 ሳይንሳዊ ስሙን ሲያወጣለት ከኒካራጓው ማናጓ ሐይቅ ነበር የወሰደው። ስትገዙት ጣት ያህላል። ሲያድግ ወንዱ በቤት ገንዳ 35፣ አንዳንዴም 40 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ሴቷ ከዚህ ታንሳለች። ይህ የመጠን ልዩነት ነው ሴቷን በወንዱ የሚያስገድላት፤ እኔ ገንዳውንም ሆነ ሌላውን ዕቃ ሁሉ የማሰናዳው ይህን እያሰብኩ ነው።

ላርባ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የማነሳለት ጥያቄ ቤቱ ምድር ላይ ነው ወይስ ፎቅ የሚል ነው። ለአንድ ጥንድ የምመክረው ገንዳ 180 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ነው። ሙሉ ይዞታው 648 ሊትር ሲሆን ከመስታወቱ፣ ከአሸዋውና ከማቆሚያው ጋር ወደ 800 ኪሎ ይጠጋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለማቆም ያሰበ መሐንዲስ ሳያማክር አይጀምር። ማቆሚያውን በቱቦላሬ አስበይዱ፣ በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ ከመስታወቱ ሥር ፎም አንጥፉ።

ስለ ከፍታችን የሚያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውኃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ወለል አካባቢ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውኃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ጃጓር የሚፈልገው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። የውጭ ሰዎች አንድ የአየር ፓምፕ ይበቃል ሲሉ እኔ ሁለት አደርጋለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ዓሣው ከመቀዝቀዙ በፊት የሚታፈነው በአየር እጥረት ነው። ማጣሪያችሁ ክዳን ያለው ዝግ ዓይነት ከሆነ፣ መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱት፤ ውስጡ የታቆረው ውኃ ይበላሻል። ክፈቱት፣ ያንን ውኃ ድፉ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሱት።

የምግባቸው ትርፍና ኩሳቸው አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን ሳትለኩ ትልቅ ዓሣ አታስገቡ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሲሶውን ውኃ እቀይራለሁ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለዓሣ ብቻ የተለየች ሮቶ አለችኝ፤ አየር እየነፋሁበት አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑም ይወጣል። ማሞቂያ አንድ ባለ 600 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 300 ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየናል። ወንዱ እየመታ ስለሚሰብረው ቀዳዳ በበዛበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቡት።

ዋና ምግባቸው ለሥጋ በል ዓሣ የተሠራ እንክብል ነው። በመሐል የቆሮሶ ሥጋና የመሬት ትል እሰጣለሁ። የከብት ጮማ አይስማማቸውም። ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ መወርወርን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በሽታ ያመጣል፣ ወርቃማ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም በሰውነቱ ይዟል።

ወደ ማርባቱ ስንመጣ፣ አንድ ትልቅ ወንድና አንዲት ትልቅ ሴት ገዝቶ አንድ ላይ መጨመር ሴቷን ለሞት መስጠት ነው። 5 ሴንቲሜትር ያህል የሆኑ ስድስት ወይም ስምንት ጫጩቶች ግዙና አብረው ይደጉ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱ አንድ ጥግ ይዘው ሌሎቹን ማባረር ሲጀምሩ ተመራርጠዋል ማለት ነው፤ የቀሩትን አውጡ። ከተመራረጡ በኋላም ቢሆን አላምናቸውም። ገንዳውን በፕላስቲክ ፍርግርግ ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ፍርግርጉ ላይ ሴቷን የሚያሳልፍ፣ ወንዱን የማያሳልፍ ቀዳዳ እተዋለሁ። በመጠን ከተቀራረቡ ቀዳዳውን ድፈኑት፤ ሴቷ ከፍርግርጉ አጠገብ ከጣለች የወንዱ ዘር በፍርግርጉ አልፎ ዕንቁላሉን ሊያዳብረው ይችላል።

ዕንቁላል መጣያ እንዲሆናት የሸክላ ምጣድ ስባሪ ከፍርግርጉ አጠገብ አስቀምጡ። ምጣዱ ያልተሟሸ መሆን አለበት፤ የተሟሸው የጎመን ዘር ቅባት መጥጧል። ውኃውን ከወትሮው በዛ አድርጋችሁ ቀይሩና ሙቀቱን 28 አድርሱት። የሴቷ የዕንቁላል መጣያ ቱቦ ወደ ታች ወጥቶ ከታየ ቀኑ ደርሷል። ቆሮሶ ዕንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ጃጓር ግን ሸክላው ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። ትልቅ ሴት በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ልትጥል ትችላለች። ነጭ የሆነው ዕንቁላል ያልዳበረው ነው።

በዚህ ሙቀት በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ወላጆቹ አሸዋ ቆፍረው ያስቀምጧቸዋል፣ ከአምስት ስድስት ቀን በኋላም መዋኘት ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ምግባቸው አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመድ፣ ነው። አርቴሚያ ከጠፋ ደቅቆ የተፈጨ የዓሣ ጫጩት ምግብ ይሆናል፤ የዶሮ ዕንቁላል አስኳል ውኃ ስለሚያበላሽ አልወደውም። ሲያድጉ ትልቁ ትንሹን ስለሚበላ በየጊዜው በመጠን ለዩዋቸው።

ተቀባይ ያላገኛችሁለትን ዕንቁላል ሳይፈለፈል አውጡት። ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ፣ ሌላ ወንዝም ቢሆን፣ አንድም ጃጓር አትልቀቁ። ፍሎሪዳና ፊሊፒንስ ውስጥ ከአገሩ ውጭ ተራብቷል፤ የእኛ ሐይቆች ላይ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ እንዲህ ያለ አዳኝ ሊመጣበት አይገባም።

ጫጩቶቹን ካነሳችሁ በኋላ ወንዱ ወዲያው ለሌላ ዙር ይጣደፋል። ሴቷ ግን ልጆቿን ስትጠብቅ በደንብ ስለማትበላ ከስታለች። የፍርግርጉን ቀዳዳ ድፈኑት፣ ሆዷ እስኪሞላና ክንፎቿ ላይ ያለው ቁስል እስኪድን ድረስ ለብቻዋ እያበላችሁ አሳርፏት።