ሶሲዮሎጂ ስትጀምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ፈተና ሲደርስ የመጀመሪያ ዓመት የሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ተማሪዎች ኮምት፣ ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ዌበር እያሉ የትምህርቱን ቀደምት ሊቃውንት ይሸመድዳሉ። ከየስሙ ጎን አንድ መስመር ይጻፋል፣ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳል። ይሄ ያሳዝነኛል። ትምህርቱ የሚያወራው ስለ ድሬዳዋዎቹ ሰፈሮች ከዚራና መጋላ፣ በሐረር ግንብ ውስጥ ስላለው ስለ ጀጎል ሰው ኑሮ ጭምር ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ማኅበራዊ ጉዳይን በሰው ጠባይ ብቻ መግለጽ ነው። "ሥራ ያጣው ሰንፎ ነው" ይባላል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሲ. ራይት ሚልስ በ1959 የግል ችግርንና የሕዝብ ጉዳይን ለይተን እንድናይ የጻፈው ለዚህ ነው። ድሬዳዋን ተመልከቱ። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ከመውጣት ይልቅ ቆላውን ይዞ ስለሄደ በ1902 ከተማ ሆነች። የምድር ባቡሩ ስንቱን ቤተሰብ አሳደገ! አሮጌው ባቡር ሲዳከም ደግሞ የብዙ ቤት ጓዳ አብሮ ሳሳ። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ስንፍና ያዘው ልንል ነው? እንዲህ ሲሆን ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ንግዱና ስለ መንግሥት ውሳኔ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው የዱርካይምን ሁለት ትስስሮች ገልብጦ መጻፍ ነው። በ1893 መጽሐፉ ሜካኒካል ያለው ሰዎች በእምነትና በኑሮ ስለሚመሳሰሉ የሚተሳሰሩበትን ነው። ኦርጋኒክ ያለው ደግሞ ሥራቸው ስለሚለያይ አንዱ ያለሌላው መኖር የማይችልበትን ነው። ባቡር ጣቢያው ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ነጂው፣ መካኒኩ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ተሸካሚው አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። በሐረሪዎች ዘንድ ለሠርግና ለለቅሶ የሚሰባሰበው አፎቻ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ግን "ሐረር ሜካኒካል፣ ድሬ ኦርጋኒክ" ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ቀን ገበያ ስትነግድ የዋለች እናት ማታ ለቅሶ ቤት ከአፎቻዋ ጋር ትቀመጣለች። ሁለቱም ትስስር እሷው ውስጥ አለ።

ፈንክሽናሊዝምን፣ ማለትም እያንዳንዱ ልማድና ተቋም ለኅብረተሰቡ ምን ተግባር እንዳለው የሚጠይቀውን አመለካከት፣ "ያለው ሁሉ ጥሩ ነው" ብሎ መተርጎምም የተለመደ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮበርት መርተን ይህን ነው ያረመው። በርጫን እናንሳ። ግልጽ ዓላማው ጫት መቃም ነው። እዚያው ግን ወሬ ይለዋወጣል፣ የሚከራይ ቤት ይገኛል፣ የተጣሉ ይታረቃሉ። መርተን ስውር ተግባር የሚለው ይህን ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ በጫት ሲያልቅ፣ የሥራ ሰዓት ሲባክን ደግሞ ያው በርጫ ጎጂ ውጤት አለው ማለት ነው። ሦስቱንም ያልጻፈ ተማሪ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ጥቅሙን ብቻ መዘርዘርም ሆነ ማውገዝ ብቻ ትንተና አይሆንም።

ወደ ማርክስ ስንመጣ፣ መደብ ማለት ሀብታምና ድሃ ማለት ብቻ አይደለም። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ማታ ኪሳቸው የሚገባው ብር እኩል ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን ባጃጁ የራሱ ነው፣ ሌላው ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ማርክስ የሚጠይቀው ስለ ብሩ መጠን ሳይሆን ባጃጁ የማን እንደሆነ ነው። ዌበር እዚህ ላይ ክብርንና የፖለቲካ ኃይልን ይጨምርበታል። ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ በየሰፈሩ አሉና። በነገራችን ላይ፣ ዌበር "ካፒታሊዝምን የፈጠረው ፕሮቴስታንትነት ነው" አላለም፤ ከብዙ ምክንያቶች አንዱን ነው ያጠናው።

የታሪኩን ጅማሬም በጥንቃቄ ጻፉ። ኮምት በ1830ዎቹ መጨረሻ ለትምህርቱ ስም አወጣለት እንጂ ስለ ኅብረተሰብ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። የቱኒሱ ኢብን ኻልዱን በ1377 ሙቀዲማውን ሲጽፍ ዐሰቢያ ስለሚለው የወገን ትስስርና ስለ መንግሥታት መነሣትና መውደቅ ተንትኗል። "የጠነከረው ይተርፋል" ተብሎ የሚጠቀሰውን ሐረግም ለዳርዊን አትስጡ። በ1864 የጻፈው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኸርበርት ስፔንሰር ነው፣ ዳርዊን ከእሱ ነው የወሰደው። እንግሊዛዊቷን ጸሐፊ ሃሪየት ማርቲኖንም አትዝለሏት። ብዙ ጊዜ የኮምት ተርጓሚ ተብላ ብቻ ትታለፋለች። ያንን ትርጉም ግን ያወጣችው በ1853 ነው። ከዚያ 15 ዓመት ቀድማ፣ በ1838፣ የአንድን ሕዝብ ኑሮ እንዴት መታዘብ እንደሚገባ የሚያስረዳ የራሷን መጽሐፍ አሳትማ ነበር።