ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የውሃ ሮኬት እንዴት ይሠራል?

በጠርሙስ ውስጥ የታመቀ አየር ውሃውን በአፉ በኩል ወደ ታች ሲያስወነጭፈው፣ ጠርሙሱ በአጸፋው ወደ ላይ ይነሣል። ለዚህ ባለ 1.5 ወይም ባለ 2 ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይምረጡ፤ የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ስስ ጠርሙስ የጋዝ ግፊት እንዲችል ስላልተሠራ አይሆንም።

ከወፍራም ካርቶን ሦስት እኩል ክንፎች ቆርጠው፣ ከጠርሙሱ አፍ ዝቅ ብለው እንዲወጡ አድርገው በፕላስተር ይለጥፏቸው። ፈጣን ማጣበቂያ ፕላስቲኩን ስለሚያደርቀው አልመክረውም። ሮኬቱ አየር ላይ እንዳይገለባበጥ ጫፍ በሚሆነው መቀመጫው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቂት አሸዋ አስረው ያያይዙ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው የጠርሙሱን አፍ በሚደፍነው ቡሽ ላይ ነው። የወይን ጠጅ ቡሽ ለጠርሙሱ አፍ ትንሽ ስለሚወፍር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ማሾል ያስፈልጋል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቫልቩን ከሥሩ ካለው ክብ ጎማ ጋር ቆርጠው ያውጡ፤ ቡሹን ከቫልቩ በቀጠነ መሰርሰሪያ ይብሱት፤ ቫልቩንም ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ስበው ያስገቡት። ክብ ጎማው በጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ቡሹ ላይ እየተለጠፈ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

የገባው አየር ተመልሶ እንዳይወጣ የሚዘጋውን የቫልቩን ውስጠኛ መርፌም ማውጣት ግዴታ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ደሴ በግቢያችን የሞከርኩት የመጀመሪያው ሮኬት፣ ቡሹ ጠብቆ አልነሣ ሲለኝ ላየው ጎንበስ ባልኩበት ቅጽበት ተነሥቶ ቅንድቤን ሰነጠቀኝ። መርፌው ከሌለ ግን ሮኬቱ እምቢ ሲል ከሩቅ ሆኖ ቱቦውን ከመንፊያው በመንቀል ብቻ አየሩን ማስተንፈስ ይቻላል። ስለዚህ በቫልቩና በመንፊያው መካከል ቢያንስ 5 ሜትር ቱቦ ያስገቡ።

ደሴ ውስጥ ቤቱ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተደጋግፎ ስለተሠራ የሚወድቀው ሮኬት ጣሪያ ያገኛል፤ አጨዳ ያለቀበት ገላጣ ማሳ ይሻላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ይራቅ።

የጠርሙሱን ሲሶ ውሃ ሞልተው ቡሹን ይክተቱ፤ ገልብጠውም ክንፎቹን በሦስት ጉልቻ ላይ ያሳርፉ። ልጆችን አርቀው፣ የመንፊያውን መለኪያ እያዩ ይንፉ። ቡሹ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይወጣል፤ 4 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ደርሶ ካልወጣ ግን ያስተንፍሱት። ሮኬቱ በወደቀ ቁጥር ጠርሙሱን በብርሃን ይመልከቱ፤ ነጭ የእጥፋት መስመር ከታየበት ዳግመኛ አይንፉት።