«አላየሁም» ማለትም ምስክርነት ነው፦ ለወንጀል ምስክርነት ለተጠራ ሰው

ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ለባለጉዳይ ራፖር (ማመልከቻ) ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስለ ምስክርነት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም እል ነበር። ኋላ ራሴ ችሎት ፊት ቆሜ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነው ልኬን ያወቅሁት።

ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ለልጄ ብር ልልክ ባንክ ተሰልፌ ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ከጋቢው ሥር ክላሽ ይዟል። ዘበኛው ከወንበሩ ሲነሣ ተኮሰበት። እኔ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት ጫማ ብቻ ነው። የተኳሹ አረንጓዴ ኮንጎ ነበር፣ የግራው ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነ። ዘበኛው እዚያው ሞተ።

ውጭ ስወጣ ከተማው ሁሉ «ሦስት ናቸው፣ አንዱ ባጃጅ አስነሥቶ ይጠብቃቸው ነበር» ይላል። ፖሊስ ሲጠይቀኝ እኔም «ሦስት ነበሩ» አልሁ። መርማሪው ጻፈ። ሳላነብ ፈረምሁ። ለሰው ስጽፍ እያንዳንዷን መስመር አንብቤ የማሰማ ሰውዬ!

እና እናንተ እንዲህ አድርጉ። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ጎረቤት ለወሬ ሳይሰበሰብ ብቻችሁን ተቀምጣችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንድ በኩል ያያችሁትን፣ በሌላው የሰማችሁትን። ሰዓቱ፣ የቆማችሁበት ቦታ፣ መብራት ነበረ አልነበረም፣ ሁሉም ይግባ። ጫማም ቢሆን ይጻፍ። ፖሊስ ዘንድ የሰጣችሁት ቃል ተነቦላችሁ ካልሆነ አትፈርሙ። «ይሄን እንዲህ አላልሁም» ማለት ነውር አይደለም፤ መርማሪው ፊቱን ቢያጠቁርም ያስተካክለዋል።

ቀጥሎ ሽማግሌ ይመጣል። አገራችን ነው፣ ታውቁታላችሁ። እኔ ዘንድ ሦስት አዛውንት መጥተው «ልጄ፣ ደሙን እኛ እናደርቀዋለን፣ አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ። «አባቶቼ፣ እናንተ ቤተሰቡን አስታርቁ፤ እኔ መጥሪያ ደርሶኛል» ብዬ ቡና ጠጥተው ሄዱ። ዕርቁ ደም መላሽን ያስቀር ይሆናል እንጂ የግድያ ክስ አያቋርጥም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። የሚያስፈራራ ከመጣ ግን ቡና የለም። ለዐቃቤ ሕግ ንገሩ። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጣ ወንጀል ጥበቃ ይፈቅዳል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በዝግ ችሎት መመስከርም አዋጁ ውስጥ አለ።

የችሎቱ ቀን ቁርስ ብሉ። ተራችሁ እስኪደርስ ውጭ ነው የምትጠብቁት፤ የሌላውን ምስክር ቃል አትሰሙም፣ አትጠይቁም። ትምላላችሁ። መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ይጠይቃል፣ ያ ቀላሉ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ግን ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመጣው።

«ሦስተኛውን ሰው በዓይንዎ አይተውታል?»

ዝም አልሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንጫጫል።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ለፖሊስ ለምን አየሁ አሉ?»

«ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

መሐል ዳኛው ጻፉ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ግን እንዲህ ስትያዙ ሌላ መንገድ አትፈልጉ፤ አንዱን ውሸት በሌላ ለመደገፍ የሞከረ፣ ያየውንም ጫማ የሚያምነው አያገኝም። ደግሞም ምላችኋል፤ በሐሰት መመስከር ራሱ ወንጀል ነው። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይደገምልኝ» በሉ። «ይመስለኛል» የምትባለውን ቃል ቤት አስቀምጣችሁ ሂዱ።

ሁለቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 እና 671፣ በከባድ የሰው ግድያና በከባድ ውንብድና ተፈረደባቸው። 539 ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው፤ ዕድሜ ልክ ገቡ። የዘበኛው ሚስት የካሳ ጥያቄዋን ከወንጀሉ ክስ ጋር እንድታቀርብ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 154 ጠቅሼ እኔው ጻፍሁላት። ይህ ማመልከቻ ክሱ መሰማት ሲጀምር መግባት አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ ከፍርድ በኋላ ነው የሚነቃው። ገንዘብ አልተቀበልኋትም።

ሦስተኛ ተብሎ የተከሰሰው ባለ ባጃጅ የዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 ተጠቅሶ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ተለቀቀ። ግን እስከዚያ አሥራ አራት ወር ታስሯል። ሰው የሞተበትና ሞት የሚያስቀጣ ክስ ስለሆነ በአንቀጽ 63 ዋስትና አያገኝም። እኔ «ሦስት» ያልሁት ቃል መዝገቡ ውስጥ ነበረ።

ባለፈው ለገበያ ሄጄ ሳላውቅ የእሱ ባጃጅ ላይ ተሳፈርሁ። በመስታወቱ አየኝ። ስወርድ መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝና ሄደ።