በቃና ዘገሊላ ሰባት ቤት ዞሮ ጠላ ለማወዳደር

ሰው ቢራ ቤት ተቀምጦ ይሄኛው ይመራል፣ ያኛው ይለሰልሳል እያለ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ያው ሰው ጠላ ሲቀርብለት «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ ያልፋል። ከብቅሉ ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተደከመበት መጠጥ በአንድ ቃል ሲታለፍ ያንገበግበኛል። እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ለማኅበርና ለሠርግ ጠላ ስጠምቅ 22 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሰባት ቤት እንዞራለን። በዚያ ዕለት ጋን ያልከፈተ ቤት የለም፤ ጠላን ከጠላ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። ወጥ ሳትበሉ ውጡ። በርበሬ የነካው ምላስ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የጌሾን ምሬት በትክክል አይለይም። ባዶ ሆድም አይሆንም፤ እኔ ድፎ ዳቦ በልቼ እወጣለሁ፣ ቁራሽም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እይዛለሁ። በየቤቱ መሐል አንድ ጉርሻ ዳቦ፣ ከዚያ ሁለት ጉንጭ ውኃ። ብዙ ሰው ከጠላ ጋር ቆሎ ይቆረጥማል፤ ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ለቅምሻ ግን አይሆንም። የቆሎው የተቆላ ጣዕም አፍ ውስጥ ይቆይና የእንኩሮውን፣ ማለት ምጣድ ላይ የሚታመሰውን የጠላ ሊጥ፣ ጣዕም ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ እንኩሮዋን ምን ያህል እንዳመሰችው ማወቅ አትችሉም።

ሁለተኛው ነገር መለኪያ ነው። የአረቄ መለኪያ ማለቴ ነው። በየቤቱ ሙሉ ብርጭቆ ከተቀበላችሁ አራተኛው ቤት ስትደርሱ ሁሉም ጠላ ጥሩ ይሆናል። ሰባት መለኪያ ግን ቢደመር ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቶቹ ቅር ይላቸው ነበር፤ «ምነው፣ ጠላችንን ናቅሽው?» ይሉኛል። «እትዬ፣ ዛሬ ሰባት ቤት አለብኝ፤ የእርስዎንም በደንብ ለማወቅ ነው» ስላቸው ግን ራሳቸው መለኪያውን አጥበው ያመጣሉ። ሙሉ ብርጭቆ ከቀረበላችሁም አትጨነቁ። ተጎንጭታችሁ ሞልቶ እያለ አስቀምጡት። ጎደል ያለ ብርጭቆ «በሞቴ» ተብሎ ይሞላል፤ ሙሉውን ማንም አይነካውም።

ከመቅመሳችሁ በፊት የምትቀዳውን ሴት እጅ ተመልከቱ። ደንቡን የምታውቅ ከሆነች ጠላውን ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች። ልማዱ እንግዳው እንዳይሰጋ ነው። ለእኔ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ ጠላው መዳፍ ላይ ሲያርፍ እዩት። የደረሰ ጠላ ቶሎ ይፈሳል፣ መዳፉ ላይም እርጥበት ብቻ ይተዋል። ጉሽ ከሆነ ደቃቅ ዱቄት በጣቶቿ መሐል ይቀራል። ጉሽ መሆኑ ነውር አይደለም፣ የሚወደው ብዙ ነው። ነገር ግን ጉሽን ከጠለለ ጋር ማወዳደር ፍርድን ያጣምማል፤ ጉሽ ከጉሽ፣ የጠለለ ከጠለለ ጋር ይወዳደር።

ከዚያ መለኪያውን ይዛችሁ ወደ በሩ ሂዱ። በዓል ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ በዚያ መሐል የጠላ ሽታ አይለይም። በሩ ላይ ብርሃንም አለ። ቀለሙን እዩ፣ ግን በቀለሙ አትፍረዱ። «ጥቁር ጠላ ኃይለኛ ነው» የሚሉትን አትስሙ። ጥቁረቱ የሚመጣው እንኩሮው ምጣድ ላይ ከቆየበት ጊዜ ነው እንጂ ከኃይሉ አይደለም። እዚህ አካባቢ ቀላ ያለ ጠላ ካያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዳጉሳ ነው፤ ጎጃም የዳጉሳ አገር ነው፣ ዳጉሳም ለጠላው የራሱን ቅላትና ክብደት ይሰጠዋል። የገብሱ ፈካ ይላል፣ በአፍም ይቀላል። ስለዚህ ከገብሱ ጀምራችሁ ወደ ዳጉሳው፣ ከዳጉሳው ወደ ጥቁሩ ሂዱ። ፊልተር ያለበት ቤት የመጨረሻ ይሁን። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ውኃ ሳይበዛበት በጨርቅ የሚጠለለው ፊልተር ግን 5 እና 6 ይደርሳል፣ ከጠርሙስ ቢራ አያንስም። ከፊልተር በኋላ የቀመሳችሁት ተራ ጠላ ሁሉ ውኃ ይመስላችኋል፤ ጥፋቱም የጠላው አይደለም።

አሁን አሽትቱ። ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ። መጀመሪያ መምጣት ያለበት የወይራው ጢስ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በወይራ ሲታጠን ጢሱ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ጠላው ሲፈላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ዛሬ ብዙ ቤት በፕላስቲክ በርሜል ይጠምቃል፤ ጋን ውድ ነው፣ ይሰበራል፣ ቦታ ይይዛል፣ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በርሜል ጢስ አይዝም። የበርሜል ጠላ ሽታው ባዶ ነው፣ አንዳንዴም በርሜሉ ቀድሞ የያዘውን ነገር ይዞ ይመጣል። የሻጋታ ሽታ ከመጣባችሁ ደግሞ አትቅመሱት። መለኪያውን አስቀምጡና ሰላምታችሁን ሰጥታችሁ ውጡ።

ስትቀምሱ የመጀመሪያውን ጉንጭ ቶሎ ዋጡት፤ እሱ አፍን ማጠቢያ ነው። ሁለተኛውን ምላስ ላይ ያዝ አድርጉና ከዋጣችሁት በኋላ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ከዚያ ዝም ብላችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። የጠላው ጠባይ የሚታወቀው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ምሬቱን ተከታተሉት። ጌሾ በልኩ ሲገባ ምሬቱ ይመጣል፣ አፍን ይጠርጋል፣ ይሄዳል። ሃያ ቆጥራችሁም ጉሮሮን ከያዘ ጌሾው በዝቷል፣ ወይም እንጨቱ ውኃ ሳይሞላበት በፊት ባለው ወፍራም ድፍድፍ ውስጥ ከልኩ በላይ ከርሟል። እኔ ከተቻለኝ የዘጌ ጌሾ እገዛለሁ። ዘጌ እንደ ጥንቱ ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ሰው የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው፣ ጌሾውም በጣና ላይ ተሻግሮ ባሕር ዳር ገበያ ይደርሳል። ቅጠሉን ጣቶቼ መሐል አሽቼ አረንጓዴ ሽታው ካልወጣ አልገዛም።

ኮምጣጣነቱን ደግሞ በሁለት ክፈሉት። እንደ እርጎ ለስለስ ያለ፣ ምላስ ዳር ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የደረሰ ጠላ ጠባይ ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚወጋ የሆምጣጤ ሽታ ካለው ግን አየር ገብቶበታል፤ የጋኑ አፍ በደንብ አልተመረገም፣ ወይም ከተከፈተ ቀናት አልፈውታል። ጢስንና ማረርንም ሰዎች ያደባልቋቸዋል። ጢስ የሚሰማችሁ ስትተነፍሱ ነው፣ አፍንጫ ላይ። ያረረ እንኩሮ ግን ምላስ ሥር ይቀመጥና አፍ ያደርቃል። እንዲህ ያለውን ከቀመሳችሁ ቀጣዩን ቤት ከመግባታችሁ በፊት ዳቦውን ሁለት ጊዜ ጉረሱ።

ከሁሉም በላይ ግን ዕድሜውን ጠይቁ። ይህን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። ከዓመታት በፊት ከደብረ ታቦር መጥታ ጎረቤቴ የሆነች ሴት ጠራችን። ጠላዋ ጥሬ ዱቄት ዱቄት አለኝ፣ ጣፋጭነቱም አልወጣም። እንግዳ በተሰበሰበበት «ይሄ እኮ አልፈላም» አልኩ። ፊቷ ልውጥ አለ። ለካ ድፍድፉ ላይ ውኃ የገባበት ከትናንት ወዲያ ነበር፤ ባሏ ታሞ ሰንብቶ ጥንስሱ ዘግይቶባት ነው። በሦስተኛው ቀን ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ያንኑ ጠላ ቀዳችልኝ። ጥርት ብሎ፣ ጢሱ ከፍ፣ ምሬቱ ዝቅ ብሎ፣ በዚያ ዓመት ከቀመስኩት ሁሉ የሚበልጥ ጠላ ሆኖ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። እስከ ፋሲካ ድረስ ግን እንደ ቀድሞው አላወራችኝም፣ እውነቷን ነው።

ስለዚህ አሁን ከመቅመሴ በፊት «መቼ ነው ውኃ የገባበት?» እላለሁ። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ እንዲያውም ጠማቂ የምትወደው ጥያቄ ነው፣ ታሪኩን ትነግራችኋለች። «ቅራሪ ነው ወይ?» ብላችሁ ግን በፍጹም አትጠይቁ፤ ቅራሪ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀጭን ጠላ ነው። ስንት ሌሊት እንዳደረ ካወቃችሁ በአእምሯችሁ ታርማላችሁ፦ ይህ ነገ ይደርሳል፣ ያኛው ትናንት ደርሶ ነበር። አየሩንም አስቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። እዚያ ብርድ ስለሆነ ድፍድፉ ቀስ ብሎ ይፈላል፤ እዚህ በሙቀቱ ይቸኩላል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ከደጋ የመጣች ሴት በለመደችው ቀን ብትቆጥር ጠላው ይቀድማታል፤ ጎረቤቴም በሁለተኛው ዓመት ይህንን ራሷ አስተካክላዋለች።

ደብተር ያዙ። እኔ የልጄን የትምህርት ቤት ደብተር ነው የምጠቀመው። የምጽፈው ጥቂት ነው፦ የማን ቤት፣ እህሉ፣ ስንት ሌሊት፣ ጋን ወይስ በርሜል፣ ከዚያ ሃያ ከቆጠርኩ በኋላ የቀረልኝ ነገር በአንድ ሐረግ። «ገራም፣ ጢሱ እስከ መጨረሻው አለ።» «አፍ ይይዛል።» «ውኃ ውኃ ይላል፣ ግን ሽታው ጥሩ።» ነጥብ አልሰጥም፤ ነጥብ የሰጠሁባቸውን ዓመታት መልሼ ሳነብ ምንም አይነግሩኝም፣ ሐረጎቹ ግን ጠላውን አፌ ላይ ይመልሱልኛል። የምጽፈውም ከቤቱ ወጥቼ መንገድ ላይ ነው። ሰው ጠርቶ ባበላችሁ ቤት ደብተር ማውጣት ደስ አይልም።

ሁለት ቤት ተቀራርበው መለየት ካቃታችሁ በማግስቱ ቤታችሁ የምታደርጉት ሙከራ አለ። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ጠላ ለምኑ፤ በበዓል ማንም አይከለክልም። ልጃችሁ ሦስት መለኪያ ትቅዳላችሁ፦ ሁለቱ ከአንዱ ቤት፣ አንዱ ከሌላው፣ እናንተ ሳታዩ። የተለየውን ፈልጉት። ካገኛችሁት፣ ቦታ ቀይራ እንደገና ትስጣችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካገኛችሁት ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል መናገር ትችላላችሁ። ካላገኛችሁት በሁለቱ መሐል የነበረው ልዩነት ወንበሩ፣ ጨዋታው ወይም የሴትዮዋ ደግነት ነበር። እኔ ያለ ጥርጥር እበልጠዋለሁ ያልኩትን የማኅበርተኛዬን ጠላ በዚህ መንገድ ከራሴ መለየት አቅቶኝ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጠላዋ በአክብሮት ነው የማወራው።

ይህ ሙከራ ለፋብሪካ ቢራም ይሠራል፤ በቀዝቃዛነቱ ብቻ አትታለሉ። ከበረዶ የወጣ ቢራ ሁሉ ይመሳሰላል፣ ብርዱ ምላስን ያደነዝዛል። የጎንደሩን ዳሽንና የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ማወዳደር ከፈለጋችሁ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩአቸው። ጋን ውስጥ ያለ ጠላ የጓዳው ቅዝቃዜ ብቻ ስላለው ምንም አይደብቅም።

ስትጨርሱ በእግር ወይም በባጃጅ ተመለሱ። መኪና አትንዱ፣ ታንኳም አትሳፈሩ።

ለማግስቱ ጠላ የምትወስዱበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ንጹሕ ይሁን፣ ሩቡን ባዶ ተዉለት፣ ክዳኑንም አታጥብቁ። ጠላው መንገድ ላይም ይፈላል፤ የታፈነ ጠርሙስ ይነፋና ሊፈነዳ ይችላል። የቤቱን ምልክት በክር እሰሩበት፤ እኔ ለገብሱ ነጭ፣ ለዳጉሳው ቀይ ክር አስራለሁ። ጓዳ ውስጥ ጨለማ ቦታ አስቀምጡትና ጥር 13 ጧት፣ ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት ቅመሱት። አተላው ከሥር ይዘቅጣል፣ ላይኛው ይጠራል፤ ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ ቀስ ብላችሁ ቅዱ።