ቅጂው ሲቆም የሚሠሩ ስህተቶች፦ ዋናው ሰርቨር ኮምቦልቻ፣ ቅጂው ደሴ ላይ ላላቸው

መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ሽያጩ ደሴ የሆነ ድርጅት ብዙ ጊዜ ዋናውን የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ) ሰርቨር መጋዘኑ ጋ ያስቀምጥና ደሴ ቢሮ ቅጂውን (ሪፕሊካ፦ የዋናውን ለውጥ እየተከተለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨር) ያቆማል። ደሴ ያሉት ሪፖርትና የዕቃ ቀሪ ከቅጂው ያነባሉ፤ ሽያጩ ግን የሚጻፈው ኮምቦልቻ ወዳለው ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው መብራት ወይም መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ነው። ቅጂው እንደቆመ ይቀራል፣ ደንበኛው «ሲስተም የለም» ይባላል፣ ባለሙያውም ተጣድፎ መጀመሪያ ያገኘውን ትእዛዝ ይሰጣል። ዳታውን ከብልሽቱ በላይ የሚጎዳው ይህ ጥድፊያ ነው።

የትእዛዝና የቅንብር ስሞችን እዚህ እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል። ሲተይቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የቅንብር ስሞች ቃላት የሚያያዙትም በአንደርስኮር ነው።

መልእክቱን ሳያነቡ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት

መጀመሪያ የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ «ሾው ሪፕሊካ ስታተስ»። ውጤቱን ገልብጠው ፋይል ላይ ያስቀምጡ፤ ሌላ ነገር የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት መስመሮችን ይፈልጉ። «ሪፕሊካ አይኦ ረኒንግ» የሚለው ለውጦቹን ከኮምቦልቻ የሚያመጣው ክፍል ነው፤ «ሪፕሊካ ኤስኪውኤል ረኒንግ» ደግሞ የመጡትን ደሴ ላይ የሚፈጽመው። የመጀመሪያው «ኮኔክቲንግ» ካለ ችግሩ መስመር፣ ፋየርዎል፣ የይለፍ ቃል ወይም የዋናው ሰርቨር መጥፋት ነው። ሁለተኛው «ኖ» ካለ መስመሩን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ብዙ ጊዜ ያልተስማሙት ዳታዎቹ ናቸው። መልእክቱ «ኮኦርዲኔተር ስቶፕድ» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ እውነተኛው ምክንያት ፐርፎርማንስ ስኪማ (የሰርቨሩ የራሱ መከታተያ ዳታቤዝ) ውስጥ «ሪፕሊኬሽን አፕላየር ስታተስ ባይ ወርከር» በሚባለው ሠንጠረዥ ተጽፏል።

የድሮውን «ሾው ስሌቭ ስታተስ» የለመደ ሰው ስሪት 8.4 ላይ ሲተይበው 1064 (የአጻጻፍ ስህተት ቁጥር) ይወጣበታል። ሰርቨሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ትእዛዙ ከዚያ ስሪት ላይ ወጥቷል። አዲሱ አጠራር የሚሠራው ከ8.0.22 ጀምሮ ነው። «ሾው ማስተር ስታተስ»ም በ8.4 «ሾው ባይነሪ ሎግ ስታተስ» ሆኗል።

የሎጉን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ

ማይኤስኪውኤል የስህተት ሎጉን፣ ካልተነገረው በቀር፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጽፋል። መብራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሄደ ሎጉ ላይ የሚፈልጉት 06:00 ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ 11:00። ለቀን ሰዓት 3 መደመር ይበቃል። ማታ ሲሆን 15 ይደመራል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17:00 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው የማይገናኝ ስህተት ይዞ ግማሽ ቀን ይደክማል።

2003ን ሁልጊዜ «ኔትወርክ ነው» ማለት

2003 ማለት ቅጂው ከዋናው ሰርቨር ጋር መገናኘት አልቻለም ማለት ነው። በመልእክቱ መጨረሻ በቅንፍ ያለውን ቁጥር ይዩ። ሊኑክስ ላይ 111 ከሆነ መስመሩ ደርሷል፣ ሰርቨሩ ግን እምቢ ብሏል፤ አገልግሎቱ ጠፍቷል ወይም «ባይንድ አድሬስ» 127.0.0.1 ላይ ቀርቷል። ኡቡንቱ ላይ አዲስ የተጫነ ሰርቨር እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። 110 ከሆነ ጥሪው መልስ አጥቷል፤ መስመሩንና የ3306 ፖርትን ፋየርዎል ያጣሩ። 113 ከሆነ መንገዱ ራሱ የለም፤ ራውተሩ ወይም ቪፒኤኑ ጋ ይሂዱ። ኮምቦልቻ ያለውን ለማየት ሐረጎን (የደሴ–ኮምቦልቻን ቁልቁለት) ከመውረድ በፊት ይህን ቁጥር ማንበብ መንገድ ያድናል።

እዚሁ ላይ የ8.4 ለውጥ አለ፤ መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ቅጂው በ60 ሰከንድ ልዩነት እስከ 86,400 ጊዜ ይሞክር ነበር፤ ይህም 60 ቀን ይሆናል። በ8.4 ግን ነባሪው የሙከራ ብዛት 10 ነው። መስመሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ቅጂው ተስፋ ቆርጦ ይቆማል፣ መስመሩ ቢመለስም በራሱ አይነሳም። «ሶርስ ሪትራይ ካውንት»ን ወደ 86,400 ይመልሱት።

1062 ወይም 1032 ሲመጣ መዝለል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። 1062 ማለት ኮምቦልቻ የላከው ረድፍ ቁልፍ ደሴ ላይ አስቀድሞ ተይዟል ማለት ነው፤ 1032 ደግሞ ሊስተካከል ወይም ሊሰረዝ የተፈለገው ረድፍ ደሴ ላይ የለም ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ቅጂው ከዋናው ተለይቷል።

ብዙ ጊዜ መነሻው የታወቀ ነው። መስመር ሲቆረጥ ሽያጭ እንዳይቆም ተብሎ ፕሮግራሙ ወደ ደሴው ቅጂ ይዞራል። ደሴ ላይ ደረሰኝ ቁጥር 5001 ይመዘገባል፤ ኮምቦልቻም በዚያው ሰዓት የራሱን 5001 ይመዘግባል። መስመሩ ሲመለስ 1062 ይወጣል።

ባለሙያው «ኤስኪውኤል ስሌቭ ስኪፕ ካውንተር»ን 1 አድርጎ ያስነሳዋል፣ አረንጓዴ ያያል፣ ይሄዳል። ነገር ግን የተዘለለው አንድ ረድፍ አይደለም፤ ሙሉ ትራንዛክሽን (አብረው የሚፈጸሙ ለውጦች ጥቅል) ነው። የደረሰኙ ራስጌ፣ በውስጡ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ፣ ከመጋዘን የተቀነሰው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በሳምንቱ የዚያው ዕቃ ሌላ እንቅስቃሴ ሲመጣ 1032 ይወጣል፤ እሱም ይዘለላል። «ስሌቭ ስኪፕ ኤረርስ»ን «ኦል» ማድረግ ደግሞ ይህንኑ ማንም ሳያይ በየቀኑ መፈጸም ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። መልእክቱ ሠንጠረዡን፣ ቁልፉን፣ የባይነሪ ሎጉን (ሰርቨሩ ለውጦችን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ፋይልና ቦታ ይናገራል። ረድፉን በሁለቱም ሰርቨር ያውጡና ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። ደሴ ላይ ያለው እውነተኛ ሽያጭ ከሆነ መጀመሪያ ከነዝርዝሩ ወደ ፋይል ያውጡት፤ በኋላ በፕሮግራሙ በኩል ኮምቦልቻ ላይ በአዲስ ቁጥር ይመዘገባል። ከዚያ ስረዛው ሎግ ላይ እንዳይጻፍ ቅጂው ላይ «ኤስኪውኤል ሎግ ቢን»ን 0 አድርገው የሚጋጨውን ረድፍ ብቻ ይሰርዙና ቅጂውን ያስነሱ። የኮምቦልቻው ትራንዛክሽን ሙሉውን ይገባል፤ የሚዘለል የለም። 1032 ሲሆን በተቃራኒው የጎደለውን ረድፍ መመለስ ነው፤ ከለውጡ በፊት ምን እንደነበረ «ማይኤስኪውኤል ቢንሎግ» የሚባለው መሣሪያ ከዋናው ሎግ ያሳያል። ጂቲአይዲ (ለእያንዳንዱ ትራንዛክሽን የራሱን መለያ የሚሰጠው ቅንብር) በበራበት ሰርቨር ላይ ካውንተሩ ራሱ 1858 ብሎ ይከለክላል፤ ያንን ክልከላ ለማለፍ ጂቲአይዲን የሚያጠፉ አሉ፣ አያድርጉት።

ሲጨርሱ «ሱፐር ሪድ ኦንሊ»ን ያብሩ። «ሪድ ኦንሊ» ብቻ አይበቃም፤ ሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ) አያግድም፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በሩት የሚገባበት ቦታ ብዙ ነው። ቁጥሮቹ እንዳይጋጩ አንዱን ጎዶሎ፣ ሌላውን ሙሉ ቁጥር እንዲያወጣ ማድረግ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የደረሰኝ ግጭቱን ያስቀራል። መጋዘን የቀረውን 50 ኩንታል ሲሚንቶ ሁለቱም ከመሸጥ ግን አያግዳቸውም።

ልዩነቱ ስንት ሠንጠረዥ እንደነካ ለማወቅ የፐርኮና መሣሪያ የሆነው «ፒቲ ቴብል ቼክሰም» ዋናው ላይ ይሮጣል። ልዩነቱ ከተበተነ ረድፍ በረድፍ አይድከሙ፤ ቅጂውን እንደ አዲስ ይሥሩት። ዳታውን ወደ ፋይል የሚያወጣውን «ማይኤስኪውኤል ደምፕ»ን ከ«ሲንግል ትራንዛክሽን» እና ከ«ሶርስ ዳታ» 2 ጋር ያስኬዱ፤ ከ8.0.26 በፊት ሁለተኛው «ማስተር ዳታ» ይባላል። ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ነባሪ የሠንጠረዥ ዓይነት) ላልሆኑ ሠንጠረዦች «ሲንግል ትራንዛክሽን» ዋስትና አይሆንም።

መብራት ከሄደ በኋላ የተሳሳተውን ቦታ መስጠት

1594 (በ8.0 እና ከዚያ በኋላ 13121) ማለት ብዙ ጊዜ ደሴ ላይ የተቀመጠው ሪሌይ ሎግ (ከኮምቦልቻ የመጣው ለውጥ እስኪፈጸም የሚቆይበት ፋይል) ተበላሽቷል ማለት ነው። ዋናው ዳታ አልተነካም፣ አይደንግጡ። ቅንብር ፋይሉ ላይ «ሪሌይ ሎግ ሪከቨሪ»ን አብርተው ሰርቨሩን ቢያስነሱ ያልተፈጸመውን ጥሎ ከኮምቦልቻ ደግሞ ያመጣል። በእጅ ሲሠራ ግን ሰዎች «ሪድ ሶርስ ሎግ ፖዝ»ን ይወስዳሉ። ያ ቅጂው ያነበበበት ነው። የሚያስፈልገው የፈጸመበት ነው፦ «ሪሌይ ሶርስ ሎግ ፋይል» እና «ኤክሴክ ሶርስ ሎግ ፖዝ»። በሁለቱ መካከል ያለው ሽያጭ ሁሉ ያለ ምንም መልእክት ይቀራል።

1236 ማለት ቅጂው የጠየቀውን ሎግ ከዋናው ማግኘት አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ይመጣል። ከፋይሉ መጠን ያለፈ ቦታ ተጠየቀ ካለ፣ ኮምቦልቻ ያለው ሰርቨር መብራት ሲሄድ የሎጉን ጫፍ አጥቷል፤ ምናልባትም ደሴ ያለው ከዋናው ቀድሟል። «ሲንክ ቢንሎግ» እና «ኢኖዲቢ ፍላሽ ሎግ አት ቲአርኤክስ ኮሚት» ሁለቱም 1 መሆን አለባቸው። ለፍጥነት ተብሎ 0 ወይም 2 የተደረገ ካለ ይመልሱት። የመጀመሪያው ሎግ ፋይል አልተገኘም ካለ ግን ዋናው ላይ ሎጉ ተሰርዟል። በ8.0 ነባሪው ዕድሜ 30 ቀን ነው፤ ዲስክ ሲሞላ በእጅ የሚሰርዝ ሰው ነው የሚያሳጥረው። ሎግ የሚጸዳው «ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ» በሚለው ትእዛዝ ነው፣ ያውም ቅጂው የቱ ፋይል ላይ እንደደረሰ ታይቶ።

«ሰከንድስ ቢሃይንድ ሶርስ» 0 ነው ብሎ መተማመን

ያ ቁጥር ቅጂው ስንት ሰከንድ እንደዘገየ ይናገራል፤ የሚለካው ግን ደሴ የደረሰውና ደሴ የተፈጸመው ያላቸውን ርቀት ነው። መስመሩ ቀርፋፋ ከሆነ ገና ኮምቦልቻ የቀረውን አያይም። የሁለቱን ሰርቨሮች የሎግ ቦታ ያወዳድሩ። መዘግየቱ ደሴ ውስጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዋና ቁልፍ (ፕራይመሪ ኪ) የሌለው ሠንጠረዥ ይፈልጉ፤ ቅጂው ለአንድ ረድፍ ስረዛ ሠንጠረዡን በሙሉ ያስሳል።

የመጠይቅ ስህተቶችን ከፊደላችንና ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር አለማያያዝ

1064 መጥቶ አጻጻፉ ትክክል ሲመስል ኪቦርዱን ያስቡ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር የገባ «፣» ወይም «፤» ለሰርቨሩ ኮማና ሴሚኮለን አይደለም። ከወርድ የተገለበጠ ጠምዛዛ ጥቅስም እንደዚያው።

1292 የቀን ስህተት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 እንዳለ ወደ ዴት ዓምድ 2017-13-03 ተብሎ ሲገባ ይወጣል፤ በፈረንጁ 13ኛ ወር የለማ። የሚያደናግረው ጥቅምት ነው፦ 2017-02-30 አይገባም (ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና)፣ ሌላው ወር ግን በሙሉ ይገባል፤ ስለዚህ ስህተቱ በዓመት ሁለት ወቅት ብቻ ይታያል። ስትሪክት ሞድን (የተሳሳተ ዳታ እንዳይገባ የሚከለክለውን ቅንብር) አጥፍቶ ማለፍ ቀኑን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። ዓምዱ ውስጥ የፈረንጁን ቀን ያስቀምጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር የፕሮግራሙ ሥራ ይሁን።

1366 ስም በአማርኛ ሲገባ ከመጣ ዓምዱ ላቲን 1 (አማርኛ የማይችል የፊደል ስብስብ) ነው። ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ይቀይሩት። ስትሪክት ሞድ ጠፍቶ ከሆነ ስሞቹ አስቀድመው ጥያቄ ምልክት ሆነዋል፤ ዓምዱን መቀየር አይመልሳቸውም፣ ከመጠባበቂያ ወይም ከወረቀት እንደገና መጻፍ አለባቸው።

1205ን (ሌላው የያዘውን ረድፍ ጠብቆ ጊዜው ያለፈ) እና 1213ን (ዴድሎክ፦ እርስ በርስ መቆላለፍ) አንድ አድርገው የሚያዩ ፕሮግራመሮች አሉ። 1213 ሲመጣ ትራንዛክሽኑ በሙሉ ተመልሷል፤ ከመጀመሪያው ይደገም። 1205 ላይ ግን፣ ነባሪው 50 ሰከንድ አልፎ፣ የሚመለሰው የመጨረሻው መጠይቅ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት የተጻፈው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ሮልባክ (ሁሉንም መመለስ) ሳያደርግ ኮሚት (ማጽደቅ) ካደረገ ደረሰኙ ገብቶ ከመጋዘን ያልተቀነሰ ዕቃ ይኖራል፤ ሪፕሊኬሽኑም ያንኑ ጉድለት በታማኝነት ደሴ ያደርሰዋል።