ለቤታ ዓሣ የሚመች አኳሪየም

ቤታ ልታሳድጉ ካሰባችሁ ትንሿን ክብ ብርጭቆ እርሷት። ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ይሻላል። ውሃው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመቸዋል፤ ስለዚህ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያዙ። ማጣሪያው ረጋ ያለ ይሁን። ያንን ረጅም ክንፍ ይዞ ከኃይለኛ ፍሰት ጋር መታገል ያደክመዋል።

የፕላስቲክ ተክል ከማስገባታችሁ በፊት ስስ ስቶኪንግ ጎተት አድርጉበት። ክሩን ከመዘዘው የዓሣውንም ክንፍ ይቀድደዋል። እኔ እንደውም እውነተኛውን ተክል እመርጣለሁ።

ክዳን አትርሱ፣ ይዘላል! ውሃውን ግን እስከ አፉ አትሙሉት። ቤታ ብቅ እያለ አየር ስለሚስብ ከላይ ክፍተት ያስፈልገዋል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ የክሎሪን ማስወገጃ ጨምሩበት። ሁለት ወንድ ደግሞ አንድ ላይ እንዳታስገቡ፤ ይፋጃሉ።